ወያላው የሚያውቀው ባንዲራ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ጡረታ ኑሮ ስጽፍ፣ ለአዲስ አበባ ሰፈሮች ባንዲራ እየሳልኩ በራሴ ሲንጀር እንደምሰፋ በሁለት መስመር ጠቅሼ አልፌ ነበር። ስለ ጡረታው ማንም አልጠየቀኝም። ስለ ባንዲራው ግን ደብዳቤው ስለበዛ አዘጋጁ “የዚህ ወር ዓምድ የእርስዎ ይሁን” አለኝ። ለማያውቁኝ፦ የሥዕል አስተማሪ ነበርኩ፣ የምኖረው ቀበና ነው። የምሰፋውን ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አይከፍለኝም፣ የትኛውም ወረዳ ማኅተሙን አላሳረፈበትም። እንደ እኔ ለገዛ ደስታው መሥራት ለሚፈልግ ሰው ይጠቅማሉ ያልኳቸውን ደብዳቤዎች መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ከረሙ? የአርክቴክቸር ተማሪ ነኝ፤ ተወልጄ ያደግኩት አራት ኪሎ ነው። ጽሑፍዎን ካነበብኩ በኋላ የሰፈሬን ባንዲራ በኮምፒውተር ሠርቼ ልኬልዎታለሁ። መሃል ላይ የድል ሐውልቱ፣ በግራ የፓርላማው ሰዓት፣ በቀኝ የሥላሴ ካቴድራል፣ ከላይ ለዩኒቨርሲቲው የተከፈተ መጽሐፍ፣ ከታች ደግሞ “አራት ኪሎ” የሚል ጽሑፍ አለው። ጓደኞቼ ሁሉ “ያምራል” ይላሉ፤ ግን አንዱም ስልኩ ላይ አላደረገውም። ምን ጎደለው?
ከአራት ኪሎ

መልስ፦ ልጄ፣ እጅህ ጥሩ ነው። በተለይ የሰዓቱን ማማ የሳልክበት መስመር ያስቀናል። ነገር ግን የላክልኝ ባንዲራ ሳይሆን የመሥሪያ ቤት ካላንደር ነው። ካላንደርን ሰው ፊቱ ቆሞ፣ ቡናውን እየጠጣ፣ ዓመት ሙሉ ያየዋል። ባንዲራ ግን የሚታየው ከሩቅ፣ እየተወዛወዘ፣ ግማሹ ታጥፎ ነው።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። የተለመደው የባንዲራ መጠን 90 በ150 ሳንቲ ሜትር ነው። ያንን ከ30 ሜትር ርቀት ስታየው፣ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ከዓይንህ አርቀህ የያዝከውን የ2 ሳንቲ ሜትር ወረቀት ያህል ነው የሚታይህ። ከቴምብር ያንሳል ማለት ነው። ሥዕልህን ስልክህ ላይ እዚያ መጠን ድረስ አሳንሰውና ተመልከተው። መጽሐፉ ነጭ ነጥብ ሆኗል፣ ካቴድራሉ ግራጫ እብጠት ነው፣ ሰዓቱ ጭራሽ የለም። ከዚያ ደግሞ ፎቶውን ጥቁርና ነጭ አድርገው። ቀይህና አረንጓዴህ አንድ ዓይነት ግራጫ ከሆኑ፣ ከሩቅ ለሚያይ ሰውም ሊዋሃዱ ነው። ቀይና አረንጓዴ የማይለዩ ወንዶች ደግሞ ብዙ ናቸው፤ አንዳንዱ እስኪያረጅ ድረስ ራሱም አያውቀው። ጨለም ያለ ቀለም ላይ ፈካ ያለ፣ ፈካ ያለው ላይ ጨለም ያለ፤ የባንዲራ ቀለም ከዚህ ከወጣ ችግር ነው።

ጽሑፉንም አውጣው። ጨርቅ ሁለት ፊት አለው፤ ነፋሱ ሲዞር ፊደሉ ተገልብጦ ይነበባል። ሁለት ጨርቅ ጀርባ ለጀርባ ሰፍቶ ሁለቱንም ፊት ማስተካከል ይቻላል፤ ግን ክብደቱ ስለሚጨምር የአዲስ አበባ ነፋስ አያነሣውም። ደግሞም ስሙን የምንጽፈው ሥዕሉ ስሙን መናገር ሲያቅተው ነው።

ወደ ሐውልቱ ልምጣ። ይሄ ከሁሉም እንደሚከብድህ አውቃለሁ። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የተመለሱበት የሚያዝያ 27 ቀን 1933 መታሰቢያ እንዴት ይተዋል? እኔ ግን ትቼዋለሁ። ሽቅብ ወጥተህ ስድስት ኪሎ ስትደርስ የየካቲት 12 ሐውልት አለልሃ! እሱም ረጅም ነው፣ እሱም ወደ ላይ ይሾላል። ቀርበህ ካየኸው ይለያል፤ የስድስት ኪሎው ላይ በ1929 የተጨፈጨፈውን ሕዝብ የሚያሳዩ የነሐስ ቅርጾች አሉ፣ አንዴ ያያቸው ሰው አይረሳቸውም። በቴምብር መጠን ግን ሁለቱም የቆመ እንጨት ናቸው። የአራት ኪሎ ልጅ የስድስት ኪሎን ባንዲራ ተሸክሞ ሜዳ ሲገባ አስበው።

ታዲያ ምን ይሳል? የኔ መንገድ ይሄ ነው፦ ሰው አቅጣጫ ሲናገር የሚጠራውን ሳል። በዚህ ከተማ የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ጠቅሶ እንግዳ የሚጠራ ሰው አላውቅም። “ድልድዩን ተሻገር፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን ግባ” ነው የምንባባለው። የሰፈር ባንዲራ የሚወጣው ከዚያ አነጋገር ነው እንጂ ከወረዳ ብሮሹር አይደለም። ወረዳው የሚኮራበት ነገር አንድ ነው፣ ሰው እጁን ዘርግቶ የሚጠቁመው ነገር ሌላ። አንተ የሳልከው የመጀመሪያውን ነው፤ አራቱንም በአንድ ላይ።

ያንተ ሰፈር እንዲያውም ዕድለኛ ነው። ሰው የሚጠራው ቁጥር ነው፦ አራት፣ አምስት፣ ስድስት፤ በአንድ መንገድ ላይ የተሰለፉ ሦስት ቁጥሮች። ስለዚህ ሦስቱን እንደ እህትማማች ሠራኋቸው። መደቡ ጥቁር ሰማያዊ፣ ከግርጌው ከፍ ብሎ አግድም አንድ ነጭ መስመር። መስመሩ መንገዱ ነው፤ ሦስቱን ባንዲራ ጎን ለጎን ስትሰቅላቸው ይገናኛል። ከመስመሩ በላይ ነጭ ክብ ነጥቦች፦ አራቱ፣ አምስቱና ስድስቱ በመጫወቻ ካርታ ላይ እንደሚደረደሩት ተደርድረዋል። “ለምን ኮከብ አላደረጉም?” ትለኝ ይሆናል። ባለ አምስት ጫፉ ኮከብ ብሔራዊ ዓርማው ላይ አለ፣ ባለ ስድስት ጫፉ የእስራኤል ባንዲራ ላይ አለ፤ ሁለቱም የሰፈር ያልሆነ ወሬ ይዘው ይመጣሉ። ክብ ነጥብ ግን የማንም አይደለም። የግዕዝ ቁጥሮቹን ፬፣ ፭ እና ፮ንም ሞክሬያቸዋለሁ፤ ወረቀት ላይ ግሩም ናቸው፣ ከሩቅ ግን ከኋላም ከፊትም አይለዩም።

ሠርተህ ስትጨርስ ለጓደኞችህ አታሳይ፤ ጓደኛ ያሞግሳል። ታክሲ ተራ ሂድና ለወያላ አሳይ። ምንም አትግለጽ፣ “ይሄ የት ነው?” ብቻ በል። የሰፈሩን ስም ከጠራልህ ጨርሰሃል። “የምን ድርጅት ነው?” ካለህ ግን ወደ ቤትህ ተመለስ። የኔን አራት ነጥብ ለብቻው ያየው ወያላ “ዶሚኖ ነው እንዴ?” አለኝ። ሦስቱን አንድ ላይ ስዘረጋለት ነው “አራት፣ አምስት፣ ስድስት!” ብሎ መጥራት የጀመረው። አንዳንድ ባንዲራ ያለ ወንድሙ አይነበብም ማለት ነው፤ እኔ ይህን እንደ ጉድለት አላየውም። ከፈለግህ ግን ተከራከረኝ፣ ሌላ ሠርተህም ላክ።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ መርካቶ ሸማ ተራ ነጋዴ ነኝ። ለተራችን አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ያለበት ባንዲራ ለማሠራት አስበን ነበር። መሃሉ ላይ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን ቢሆን አይሻልም? አንዳንዱ ደግሞ “ቅር የሚለው ይኖራል” ይላል።
ከመርካቶ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሦስቱን ቀለም አብረው አያድርጉ። እሱ የሀገር ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 3 አደራደሩን ሳይቀር ወስኖታል፣ አጠቃቀሙ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 654/2001 ተደንግጓል። ሕጉ ባይኖር እንኳ በኛ ከተማ የባንዲራ ቀለም የቀልድ ነገር አይደለም፤ መስከረም 2011 መንገድ ዳር በሚቀባ ቀለም ምክንያት ሰው ከሰው ተጋጭቷል። የኛ ጨዋታ ከዚያ ጠብ የቱንም ወገን እንዳይመስል አድርገን ነው መጫወት ያለብን። ከሦስቱ አንዱን ከሌላ ቀለም ጋር ቢያደርጉ ማንም የሀገር ባንዲራ ነው አይልዎትም። አደባባይ ከመስቀልዎ በፊት ግን ወረዳውን ጠይቁ፤ ግቢዎ ውስጥና ኳስ ሜዳ ላይ ሌላ ነገር ነው።

ስለ መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑ፦ ታላቁ አንዋር መስጊድና የራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጎረቤት መሆናቸው የመርካቶ ትልቅ ነገር ነው። አንዱን አስገብቶ ሌላውን መተው አይሆንም። ሁለቱንም ሲያስገቡ ደግሞ ስለ መቻቻል የሚሰብክ ፖስተር ይሆንብዎታል። መርካቶ ውስጥ ለጠፋ ሰው አቅጣጫ የሚነግሩት በምንድን ነው? በተራ ነው። በርበሬ ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ፣ ጎማ ተራ፣ ምናለሽ ተራ። ስለዚህ እኔ የሳልኩት ተራውን ነው። 90 በ150 የሆነው ጨርቅ 30 በ30 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ሲቆረጥ ሦስት ረድፍ፣ በየረድፉ አምስት፣ ጠቅላላ 15 አራት ማዕዘን ይወጣዋል፤ ምንም ቁራጭ አይተርፍም። አንዱን ነጭ፣ አንዱን የበርበሬ ቀይ እያልኩ ገጣጠምኳቸው። ከ15ቱ አንዷን ብቻ ጥቁር ሰማያዊ አደረግኳት። የማን ተራ እንደሆነች አልናገርም፤ የጎማ ተራ ሰውም የሸማ ተራ ሰውም “የኛ ናት” እያሉ እየተጨቃጨቁ ነው፤ የፈለግኩትም ይሄንኑ ነበር።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ ካዛንቺስ ተወልጄ፣ ካዛንቺስ ተድሬ፣ ሦስት ልጆች ያሳደግኩባት ሰው ነኝ። ቤታችን በ2017 ፈርሶ አሁን ያለነው ገላን ጉራ ነው። የመጨረሻው ልጄ ያንቺን ጽሑፍ አንብቦ “የካዛንቺስን ባንዲራ እንሥራ” ይለኛል። ሰፈሩ ሳይኖር ባንዲራው ለምን ይሆናል? ቁስል መነካካት አይሆንም?
ከገላን ጉራ

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅሽ ልክ ነው እላለሁ፤ እንደምታስቢው ለማልቀስ ግን አይደለም።

ጣሊያን ውስጥ ሲየና የምትባል ከተማ አለች። 17 ሰፈሮች አሏት፤ እያንዳንዱ የራሱ ባንዲራ፣ የራሱ ቀለም፣ የራሱ እንስሳ ወይም ምልክት አለው። ድንበራቸው የተወሰነው እ.ኤ.አ. በ1729 ነው፣ እስካሁንም አልተነካም። በየዓመቱ ጁላይ 2 እና ኦገስት 16 በከተማው አደባባይ ፈረስ ይወዳደራሉ፤ ባንዲራ ያዦቹ ባንዲራውን ወደ ሰማይ ወርውረው ይቀልቡታል። ለአንቺ የምነግርሽ ግን ይህን አይደለም። ዛሬ ብዙ የሲየና ሰው የሚኖረው ከአሮጌው ከተማ ግንብ ውጪ፣ በአዲስ ሕንፃ ውስጥ ነው። ሆኖም ልጅ ሲወለድ ወደ አያቱ ሰፈር ተወስዶ በሰፈሩ ምንጭ ዳር ውኃ ተረጭቶ የሰፈሩ ባንዲራ ያለበት መሐረብ ይሰጠዋል። ከክርስትናው ሌላ የሆነ ሁለተኛ ጥምቀት በይው። ከዚያ በኋላ የትም ቢኖር የዚያ ሰፈር ልጅ ነው። ባንዲራው የተያዘው በሰዉ ነው እንጂ በቦታው አይደለም።

እናንተ ደግሞ እዚያ ገላን ጉራ ብዙ የካዛንቺስ ሰዎች አብራችሁ ናችሁ። እድራችሁም እንደቀጠለ እገምታለሁ። የልጅሽን ሐሳብ ለእድሩ አቅርቢው፤ እያንዳንዱን ሰው ግን “ስለ ካዛንቺስ ምን ይሰማሃል?” ብለሽ አትጠይቂ፣ ንግግር ይበዛል። “ድሮ እንግዳ ሲመጣ ቤትህን በምን ትነግረው ነበር?” በይው። ሱቅ፣ ቡና ቤት፣ ዛፍ፣ የጣሊያን ቤት ደረጃ፤ መልሱ ይለያያል። ደጋግሞ የመጣውን ያዢ። ሎደርና ፍርስራሽ ግን አትሳሉ። እሱ የካዛንቺስ አይደለም፤ የመጣው ለጥቂት ቀን ነው።

እኔ በሩቁ ሆኜ አንድ ንድፍ አስቤያለሁ። ካዛንቺስ የማታ ሰፈር ነበረች፤ ሌላው አዲስ አበባ መብራቱን ሲያጠፋ እሷ ታበራ ነበር። ጠቅላላው ጨርቅ ደማቅ ወይን ጠጅ፣ ከመሃል ወደ ዘንጉ ጠጋ ብላ አንዲት ቢጫ ክፍት በር። ሌላ ምንም የለም። ወደ ዘንጉ ያስጠጋኋት ነፋስ ሲጠፋ የባንዲራው ጫፍ ስለሚታጠፍና የሚታየው የዘንጉ ወገን ብቻ ስለሆነ ነው። እድሩ ካልወደደው አልቀየምም፤ የተሻለ የምታወጡት እናንተ ናችሁ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ የቄራ ልጅ ነኝ። ትምህርት ቤት “ከየት ነሽ?” ሲሉኝ ብዙ ጊዜ ጎፋ ነው የምለው። ቄራ ስል “ይሸታል” ይሉኛል። ለሰፈራችን ቆንጆ ባንዲራ ቢኖረው ጥሩ ነበር፤ ግን ምን ቆንጆ ነገር አለ ብዬ አስባለሁ። አበባ ላድርግ?
ከቄራ

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ አበባማ ከተማዋም አበባ ናት፤ ሁሉም ሰፈር አበባ ካለ የማን አበባ መሆኑን በምን ታውቂያለሽ?

አሁን ስለ ሲየና ስጽፍ እንስሳቱን አልዘረዘርኩም። አንዱ ሰፈር አባ ጨጓሬ ነው። አንዱ ቀንድ አውጣ ነው። አንዱ ዝይ፣ አንዱ ኤሊ። ንስርና ዘንዶ ብቻ አይደሉም። የአባ ጨጓሬ ሰፈር ልጆች ስለ አባ ጨጓሬያቸው ይዘምራሉ፣ ይደባደባሉም። በስሙ መጠራት አያሳፍራቸውም።

ወደኛ ስንመጣ ደግሞ ሰባራ ባቡር አለልሽ። በምኒልክ ዘመን አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣው የእንፋሎት ሞተር ተሰብሮ በቀረበት ነው ሰፈሩ የሚጠራው። ሌላ ከተማ ቢሆን የተሰበረውን ማሽን አንሥቶ ስሙን ያስተካክል ነበር። ለሰባራ ባቡር የሠራሁት ባንዲራ ቢጫ መደብ ላይ አንድ ትልቅ ጥቁር መንኮራኩር ነው፤ አንዱ ጥርሱ ግን የለም። ለወያላዎች ካሳየኋቸው ባንዲራዎች ሁሉ ወዲያው ያወቁት ይህንን ነው፤ ሁለቱ እንዲያውም ሳቁ። ሲስቅ የሚያውቅሽ ሰው አይረሳሽም።

ስለዚህ ቄራን ፊት ለፊት ያዢው። ጥልቅ ቀይ መደብ፣ ላዩ ላይ ሁለት ነጭ ቀንዶች ብቻ፤ ፊት የለም፣ ዓይን የለም። ቀንዶቹን ከላይኛው ጠርዝ እስከ ታችኛው ጠርዝ የሚደርሱ አድርገሽ አሳድጊያቸው። ይህ ባንዲራ ኳስ ሜዳ ላይ ከተሰቀለ የጎፋ ልጆች እንደሚቀኑ ቃል እገባልሻለሁ። “ይሸታል” የሚሉሽንም የሚበሉት ሥጋ ከየት እንደሚመጣ ጠይቂያቸው።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለተከበሩ እህቴ፣ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በየክረምቱ የጉለሌ ልጆች ተሰባስበን ሥጋ እንጠብሳለን፣ ኳስ እንጫወታለን። እዚህ የዋሽንግተን ዲሲን ባንዲራ ወጣቱ ሁሉ ቲሸርት ላይ ያደርገዋል፤ እኛም ለጉለሌ እንደዚያ ያለ እንፈልጋለን። ምን ይመክሩናል?
ከአሜሪካ

መልስ፦ ወንድሜ፣ የምታዩት ባንዲራ ከጥሩዎቹ አንዱ ነው። ነጭ መደብ፣ ሁለት ቀይ አግድም መስመር፣ ከላይ ሦስት ቀይ ኮከቦች። ከጆርጅ ዋሽንግተን ቤተሰብ ዓርማ የተወሰደ ነው፣ ከተማው የተቀበለውም እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የሰሜን አሜሪካ የባንዲራ ጥናት ማኅበር 150 የአሜሪካ ከተሞችን ባንዲራ ሲያወዳድር አንደኛ የወጣው እሱ ነው። ሁለተኛዋ ቺካጎ ናት። የመጨረሻው ደግሞ አይዳሆ ውስጥ ያለች የፖካቴሎ ከተማ ባንዲራ ሲሆን፣ በላዩ ላይ መፈክር፣ ተራራ፣ የቅጂ መብት ምልክት ሳይቀር ነበረበት። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2017 ቀይራዋለች። ከዚህ ባንዲራ የምትወስዱት ኮከቡን አይደለም፤ ማንም ልጅ በእርሳስ አስታውሶ ሊስለው መቻሉን ነው።

ጉለሌ ላይ ግን አንድ ነገር እጠይቃችኋለሁ። የትኛው ጉለሌ? ጉለሌ ዛሬ ክፍለ ከተማ ነው፣ ከ11ዱ አንዱ። ክፍለ ከተማ ግብር የሚከፈልበት እንጂ ሰው የሚናፍቀው ቦታ አይደለም። ብዙ ሰው ለጉለሌ ባሕር ዛፍ ያስባል፤ ከእንጦጦ ወርዶ ከተማዋን ሁሉ ያለበሰ ዛፍ ስለሆነ ግን የአንድ ሰፈር ብቻ ማድረግ ይከብዳል። ከመካከላችሁ የሽሮ ሜዳ ልጆች ካሉ ጥለቱ አለላቸው። ጥለቱን ሙሉውን ከቀዳችሁት ከሩቅ ይድበሰበሳል፤ ከጥለቱ አንዷን አልማዝ ቅርጽ መርጣችሁ ጨርቁን እስክትሞላ አሳድጓት። የቀጨኔ ልጆች ካሉ እንስራ፤ በሸክላ ቀለም መደብ ላይ ጥቁር እንስራ። እናቶቻቸው ሲሠሩት ስላዩ አፉን በትክክል ይስሉታል። ከሁሉም አንድ የጋራ ነገር ካስፈለጋችሁ፣ ሁሉም ባንዲራዎች በዘንጉ በኩል አንድ ዓይነት አረንጓዴ ቀጥ ያለ መስመር ይኑራቸውና ቀሪው የየሰፈሩ ይሁን።

ጥያቄ፦ እኛ ጀሞ ነን። ኮንዶሚኒየም ነው፣ ሁሉም ሕንፃ አንድ ነው፣ ታሪክ የለንም። ምን እንሣል?
ከጀሞ

መልስ፦ ራይድ ስትጠሩ ምን ትላላችሁ? “ጀሞ አንድ”፣ “ጀሞ ሁለት”፣ “ጀሞ ሦስት”። ከዚያ ብሎክ ቁጥር። እንግዲያው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ወፍራም መስመር ይሁን፤ ቀለሙን ሕንፃችሁ ከተቀባበት ውሰዱ። ታሪክ እስኪመጣ ቁጥር ይበቃል፤ አራት ኪሎም እስካሁን በቁጥር ነው የሚጠራው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ንድፉን ጨርሻለሁ፣ ባነር ማተሚያ ቤት አሳተምኩት። ከሳምንታት በኋላ ጫፉ ተበጣጥሶ፣ ቀዩ ደግሞ ወደ ሮዝ ሄዷል። ምን ላድርግ?
ከሳሪስ

መልስ፦ የባነር ፕላስቲክ ለማስታወቂያ ነው፤ አይውለበለብም፣ ይንጫጫል። መጀመሪያ በአቡጀዲ ሞክር፤ ርካሽ ነው፣ ትክክለኛውን መጠን ታያለህ፣ የተሳሳተውን በመርፌ ትፈታለህ። ደስ ሲልህ ወደ ፖሊስተር ሂድ። ጥጥ ያምራል፤ ግን ዝናብ ጠጥቶ ይከብዳል፣ ፀሐይ ላይም ቶሎ ይነጣል። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ፀሐይዋ ለቀለም አትራራም፣ ከሁሉ ቀድሞ የሚሄደውም ቀዩ ነው። ስለዚህ ከመግዛትህ በፊት ከነጋዴው ቁራጭ ለምነህ፣ ግማሹን በካርቶን ሸፍነህ ጣሪያ ላይ አስጣው። ሁለቱ ግማሾች ቶሎ ከተለያዩ ያንን ጨርቅ ተወው።

ቅርጹን በቀለም አትቀባው፣ ስፋው። ለምሳሌ የሰባራ ባቡርን መንኮራኩር የሠራሁት እንዲህ ነው፦ ጥቁሩን ጨርቅ ቆርጬ በቢጫው ላይ አስቀመጥኩ፣ ዙሪያውን በዚግዛግ ሰፋሁት። ከዚያ ገልብጬ፣ ከጥቁሩ ሥር ያለውን ቢጫ በትንሽ መቀስ ስፌቱ አጠገብ ድረስ ቆርጬ አወጣሁት። አሁን በሁለቱም ወገን ጥቁር መንኮራኩር ይታያል፣ ጨርቁም አንድ ንብርብር ብቻ ስለሆነ ቀላል ነው። መቀሱ ከሳተ ግን ሁሉም ነገር ገደል ነው፤ ይህን ሥራ ሬዲዮ እየሰማህ አትሥራው።

ከዘንጉ በኩል ያለውን ጠርዝ በሸራ ጨርቅ አጠንክረው፤ ገመዱ የሚያልፍበት የብረት ቀለበትም እዚያ ላይ ይመታል፤ ጫማ ሰፊ ጋ ብትሄድ ይመታልሃል። የሚበጣጠሰው ሁልጊዜ ተቃራኒው ጫፍ ነው። እሱን ሁለቴ አጥፈህ በፖሊስተር ክር ሦስት ረድፍ ስፌት ስጠው፣ ጥጉን ደግሞ በትንሽ ሦስት ማዕዘን ጨርቅ ደርበው። ክሩ መፈታት ሲጀምር ሳትውል ሳታድር አውርደህ ጫፉን ቆርጠህ እንደገና እጠፈው፤ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያጠረ ባንዲራ ማንም አያውቅብህም። በክረምት ማታ ማታ አስገባው፣ እርጥብ ከሆነም ሳታጥፍ አስጣው።